አርባ ጎጆ ይሁን

ሚላኖ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ካሳነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሁበት ተነስቶ ኮልፌ እደጅዎ ድረስ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ወንድሜ ወንድይፍራው፣ እማማ ወለተጻድቅ፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር የምከሰው የለኝም።

እትዬ፣ እናቴ ስትሞት እርስዎ የአጎቷ ልጅ እንጂ እህቷ እንኳ አልነበሩም። ያንን ሳይቆጥሩ አሳድገው፣ ልብስ እየሰፉ ያስተማሩኝ የሕንጻ ንድፍ ይኸው እንጀራ ሆኖኛል። አሁንም እዚያው የንድፍ ቢሮ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ስላለ ነው። ክፉ አይደለም፣ እርስዎ አይደንግጡ።

ቢሯችን አዲስ ሥራ ያዘ። አንድ ኩባንያ በባሕር ዳርቻ ላይ ሰው ከነልጆቹ መጥቶ ሳምንት እያደረ የሚጫወትበት የመዝናኛ ከተማ ሊሠራ ነው። ከተማ ያልኩት አጋንኜ አይደለም። ሆቴሎች አሉት፣ ሰው ሠራሽ ተራራ አለው፣ የራሱ ባቡር አለው፣ ባሕሩ አጠገቡ እያለ ሌላ ሐይቅ ይቆፈርለታል። ነዋሪ ግን የለውም። ሁሉም ተጫውቶ ሂያጅ ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ርዝመቱን በልቤ ኮልፌ ላይ አስቀመጥኩት። ከ18 ማዞሪያ ተነስቶ ሳንሱሲን አልፎ ይሄዳል። እርሳሴን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን የያዝነው ሥራ ስፋቱን መወሰን ነው። በቀን ስንት ሰው ይመጣል? ስንት አልጋ ይበቃል? ሕፃን ሳያለቅስ ምን ያህል ይሰለፋል? ይህንን ብቻ የሚያጠና ሰው ተቀጥሯል ብልዎ ያምኑኛል? ደሞዝ እየተከፈለው፣ ልጆች ማልቀስ እስኪጀምሩ ሰዓት ይይዛል።

ከተማው በአገር በአገር ይከፈላል። በአፍሪካው ክፍል አንድ የኢትዮጵያ መንደር ይኖራል ተብሏል። አለቃዬ ሲኞር ኮርቲ ጠርቶኝ፣ “አንቺ የአገሩ ሰው ነሽ፤ አንድ መንደር ስንት ጎጆ አለው?” አለኝ።

“እንደ መንደሩ ነው” አልኩት።

“እኛ ስምንት አስበናል።”

ጎጆ ብቻ አይደለም። በበጋው ስድስት ወር እውነተኛ የአገራችን ሰዎች መጥተው፣ እዚያው እያደሩ ሸማ ይሠራሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ ይዘፍናሉ። ጉዞውንም ቪዛውንም ኩባንያው ይጨርሳል። ከዘመድ የሚፈልግ ይኖር ይሆን ብዬ ነው። ነገሩ ገና ወረቀት ላይ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አያድርጉበት።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ፀዳለ


ኮልፌ፣ ጥር 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳለ፣

በሄድሽበት የእግዚአብሔር እጅ ይምራሽ፣ የክፉ ዓይን አያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እማማ ወለተጻድቅ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከቤት አይወጡም እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥምቀት ማግስት ነው። ያነበብኩትም ራሴ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ባልቆጥር ኖሮ ለዚህ ጉድ አንባቢ ልለምን ነበር።

ፀዱ፣ እውነትሽን ነው? አንብቤ አላምን ብዬ ደገምኩት። ጮክ ብዬ ለእማማ ስነግራቸው፣ “ማን ይኖርበታል?” አሉ። “ማንም” አልኳቸው። “እና ለማን ነው የሚሠሩት?” “ለሚጫወት ሰው።” አማተቡ። ባሕር አጠገባቸው እያለ ሌላ ባሕር የሚቆፍሩ ሰዎች ጤነኞች ናቸው? ያ ሰዓት የሚይዘው ሰውዬ ደግሞ መጥቶ የኅብረት ሱቃችንን የስኳር ሰልፍ ቢያይ ሥራውን በለቀቀ። እዚህ ሰልፍ ላይ የሚያለቅሰው ትልቁ ሰው ነው።

ስለ መንደሩ ያልሽውን ወንድይፍራው ሲሰማ ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። እንደምታውቂው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልተሳካለትም፤ ቤት ነው ያለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸማኔው ጎረቤታችን ባጫ ዘንድ እየዋለ ሽመና እየለመደ ነው። ባጫ “ይህ ልጅ ከክር ጋር ጠብ አለው” ይላል። ግን ይለምዳል። ይለምዳል በያቸው።

ስምንት ጎጆ ስንት ሰው ይይዛል? በአንድ ጎጆ ሁለት ሰው ብንል አሥራ ስድስት ነው። ልጄ፣ ከሳንሱሲ እስከ 18 ማዞሪያ የሚሆን መሬት ይዘው ለእኛ ስምንት ጎጆ? አያሳፍራቸውም? ባጫ ከነሚስቱ ከዱሬቲ፣ ከነሴት ልጆቹም እመጣለሁ ብሏል። የፊት ለፊቷ ብርቱካን ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን እልካለሁ ትላለች። እኔም ለልብስ ሰፊነት ቦታ ካለ አለሁ። ከሌለ እኔ ልቅር፣ ወንድይፍራው ብቻ ይግባ።

ገንዘብ አትላኪ። ደብዳቤ ላኪ። ቶሎ ላኪ።

ኢትዮጵያ ትቅደም።
እናትሽ ካሳነሽ


ሚላኖ፣ መጋቢት 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ካሳነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፣ ለትንሣኤውም በጤና ያድርስዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ በአውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ። ኋላ ግን “ይለምዳል በያቸው” ያሉትን ሳስብ ሳቄ ጠፋ። ያ ቃል ከእርስዎ አፍ የሚወጣ አልመስል አለኝ። ወንድይፍራውን መርካቶ እንኳ ብቻውን አይሰዱትም ነበር እኮ።

የሆነ ሆኖ የምሥራች አለኝ። ባለፈው ሳምንት የስፋቱ ስብሰባ ነበር። እኔ ሉሆቹን ተሸክሜ ጥግ የምቆም ነኝ እንጂ የምናገር አልነበርኩም። የሒሳቡ ሰው ተነስቶ፣ “የኢትዮጵያው መንደር ስምንት ጎጆ፤ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል” አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ “ስምንት ጎጆ መንደር አይባልም” አልኩ።

ሲኞር ኮርቲ “ታዲያ ምን ይባላል?” አለኝ።

“የአንድ ሰው ግቢ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ስምንት ጎጆ አይቶ ሲመለስ ተታለልኩ ይላል።”

“ስንት ይሁን ትያለሽ?”

በልቤ ኻያ ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን “አርባ ይሁን” አለ።

እትዬ፣ አልሳቁብኝም። የሕፃናቱን ሰልፍ የሚያጠናው ሰው ደግፎኝ፣ ሰፋ ያለ መንደር ብዙ ሰው ስለሚይዝ የሌላውን ሰልፍ ያቀልላል ብሎ አስረዳ። አርባ ተባለ! መኪና ማቆሚያው ወደ ማዶ ተገፋ። ያን ዕለት በእናቴ አገር በጎጃም ልጅ ሆኜ ያየኋቸውን ጎጆዎች እያስታወስኩ አንድ በአንድ ሣልኳቸው። በረንዳ ያለው፣ የሌለው፣ ያዘመመው ሳይቀር። ኩባንያው ለአገር ቤቱ የባህል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፏል። ሰዉ የሚወጣው በባህል ቡድን ስም ነው።

ግን እባክዎ እትዬ፣ ያልነገሩኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ። እርስዎ “እኔ ልቅር፣ እሱ ይግባ” ያሉበት ምክንያት አስጨንቆኛል።

ልጅዎ ፀዳለ


ኮልፌ፣ ግንቦት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዱ፣

አፍሽን የባረከ አምላክ ይባረክ። አርባ! ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት ብርቱካን ትንሹ ልጄ ሊወጣልኝ ነው ብላ እልል ስትል ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ።

ይህችን ወረቀት የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ዙቤዳ ናት። ሮማ ወንድሟ ዘንድ ለሕክምና ስትመጣ ከእሱ በኩል ይላክልሽ ብዬ በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼላታለሁ። ስለዚህ ዛሬ እንደልቤ ነው የምጽፈው።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ወንድይፍራው ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ፈተናውን ስላላለፈም የሚያስጥለው የለም። በየዙሩ የሚሄደው ሄዶ ነው የሚቀረው። ጥሪ ሳይጠብቁም ከመንገድ ይለቅማሉ። የብርቱካንን ትልቁን ልጅ አምሐን በመጋቢት ማዞሪያው ፌርማታ ላይ ጭነው ወሰዱት። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ ነው። እናቱ ዳቦው ዘገየ እያለች ሻዩን ስታሞቅ ነበር።

ቀበሌ ጥበቃው ገረሱ ደግሞ ቤቴ መጣ። “ወንድይፍራው የት ነው?” አለ።

“አያቱ ዘንድ ገጠር ሄዷል” አልኩት።

“አያቱ እኚህ አይደሉም እንዴ?” ብሎ እማማ ወለተጻድቅን አየ።

እማማም፣ “በአባቱ በኩል ያለችው ናት። ከእኔ ትሻላለች፣ በግ አላት” አሉት። ገረሱ ሳቀ። ሳቁን ግን አልወደድኩለትም። ወንድይፍራው ገጠር አይደለም። ሳንሱሲ አንዲት ዘመዴ ጓዳ ውስጥ ነው።

አሁን ገባሽ? አንቺ ጎጆ በሣልሽ ቁጥር እዚህ አንድ ሰው ይወጣል። እኔ የማስበው እንደዚያ ነው።

የመሥሪያ ቤቱም ሰው መጥቶ አየን። ባጫ ሲሸምን ቆሞ ተመለከተ፣ ከዚያ “ዘፈኑን ደግሞ አሰሙኝ” አለ። ፀዱ፣ እኔ በሕይወቴ ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ዘፈንኩ። ብርቱካን ከልጇ ሐዘን ሳትወጣ ከበሮ መታች። ሰውዬው “ጥሩ ነው፣ ለመውጫ ፈቃዱ አቀርባችኋለሁ” አለን።

እባክሽን እንዳይቀንሱት ጠብቂልኝ። አርባ ካሉ አርባ ይሁን።

እናትሽ ካሳነሽ


ሚላኖ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ካሳነሽ፣

ክረምቱን እንዴት እየገፋችሁት ነው? ይህን ያህል የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ እንዴት እንደምነግርዎ ጠፍቶኝ ነው።

ጎጆዎቹን የሣልኳቸው እኔ ነኝ ብዬዎት ነበር። ሉሁ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ለማመሳከር ሲመለስልኝ የሌላ ሰው ሥራ መሰለኝ። በእያንዳንዱ ጎጆ ጀርባ እኔ ያልሣልኩት ትልቅ መስታወት ገብቷል። በውጭ ያለው ሰው ውስጡን ያያል፤ በውስጥ ያለው ውጪውን አያይም። ከጎጆዎቹ በላይ ድልድይ አለ፤ ሰዉ በእሱ ላይ እየሄደ ቁልቁል ያያል። ዙሪያውን ደግሞ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል።

ወደ ሠራው ሰው ሄጄ “ይህ ቦይ የምን ነው?” አልኩት።

“እንዳይወጡ” አለኝ።

“ማን?”

ቀና ብሎ አየኝ። ደግ ሰው ነው፤ ጧት ጧት በፈገግታ ነው ሰላም የሚለኝ። “እኔ ከአራዊቱ ክፍል ነው የመጣሁት። ቦዩን ከቀጭኔዎቹ ወሰድኩት። ልኩ ተስማሚ ነው” አለኝ።

እትዬ፣ ተቀምጬ የቀረውን አነበብኩ። መንደሩና ቀጭኔዎቹ በአንድ ክፍል ናቸው። የሚመጣው ሰው በሰዓት ይኖራል። ሴቶቹ ሕፃናት የሚያጥቡበት ሰዓት አለ፣ ምሳ የሚበላበት፣ የሚዘፈንበት ሰዓት አለ። ጫማ ማድረግ አይፈቀድም፣ የእጅ ሰዓት አይፈቀድም፣ ጣልያንኛ መናገር አይፈቀድም። ስድስት ወር ሙሉ ከግቢ መውጣትም አይፈቀድም። የዱሬቲን ሴት ልጆች አሰብኩ። እርስዎን ባዶ እግርዎን አሰብኩ።

ሲኞር ኮርቲ ዘንድ ገባሁ። “ይህ ነውር ነው” አልኩት። ረጋ ብሎ “አርባ ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ” አለኝ።

ይህንን እያወቅሁ እናንተን አላመጣም። ይቅር ይበሉኝ። ነገ ከእሱ በላይ ወዳሉት ሰዎች ሄጄ ካልተዉት ለጋዜጣ እንደምሰጠው እነግራቸዋለሁ። ለወንድይፍራው ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር ይረዳኛል።

ልጅዎ ፀዳለ


ኮልፌ፣ መስከረም 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለፀዳለ፣

እንኳን አደረሰሽ። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ብቻዬን አነበብኩት፣ ከዚያም ሰዎቹን ሰብስቤ አነበብኩላቸው፤ እነሱንም ይመለከታልና። መጀመሪያ እኔም ደንግጬ ነበር። ሰው ከቀጭኔ ጋር! ባጫ ተነስቶ፣ “እኔ ከነልጆቼ እዚያ አልቀመጥም። ፀዳለ ልክ ናት” ብሎ ወጣ። እማማ ወለተጻድቅ “በጣልያን ጊዜ በመንገድ አቁመው ልብሴን አስወልቀው ፎቶ አንስተውኛል፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ለደህንነትሽ ነው፣ እሺ በይ ብሎ አልለመነኝም” አሉ።

አሁን የእኔን ስሚ። ይህ በፖስታ የሚሄድ ስለሆነ ሁሉን አልጽፍም። የምፈራውን ግን ታውቂዋለሽ። ማንን ጠይቀሽ ነው የምትከለክዪው? እኔን ጠየቅሽኝ? እሱን ጠየቅሽው? ይዩን። ስንበላ ይዩን፣ ስንተኛ ይዩን። ሰው በመስታወት አይቶኝ ሞትኩ ያለ አልሰማሁም። ጫማዬን አወልቃለሁ። ሥራዬ ብዬ ሕፃን አጥባለሁ፤ ሕፃን ከሌለ ተውሼ አጥባለሁ። ስድስት ወር ከግቢ አትውጡ ቢሉን፣ ልጄ አሁን ካለበት መች ወጥቶ ያውቃል?

ፀዱ፣ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ለምኜሽ አላውቅም። እንግዲህ እለምንሻለሁ። ወደ አለቃሽ ተመለሺና ተሳስቼ ነው በይው። ጋዜጣ የሚባለውን ተዪው። ወንድይፍራውም የሚልሽ አለው፣ ከታች ጽፏል።

ኢትዮጵያ ትቅደም።
ካሳነሽ

ፀዱዬ፣ እኔ ነኝ። ያፈርሽልኝ ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አላፍርም። ሽመናውን ለምጃለሁ፤ ባጫ እንኳ አመስግኖኛል። እዚህ በቀዳዳ የማየው ሰማይ ነው፤ እዚያ ሰው ያየኛል። ከቻልሽ መስታወቱን አስፍተሽ ሥሪው። ወንድይፍራው።


ሚላኖ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ካሳነሽ፣

ሰላምታ ለመጻፍ እንኳ አቅም አጣሁ። እግዚአብሔር ያጽናናዎ፣ እኔንም ይማረኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። የመጨረሻውን የጻፍኩልዎ ዕለት “ነገ እሄዳለሁ” ብዬ ነበር። ሄድኩ። ደብዳቤዬ ገና ከፖስታ ቤት ሳይወጣ እኔ የኩባንያው ሰዎች ፊት ቆሜ እየተናገርኩ ነበር። ሁሉን ተናገርኩ። መስታወቱን፣ ቦዩን፣ ባዶ እግሩን። አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ቀልቶ አንገታቸውን ደፉ። ሌሎቹ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ። “ለጋዜጣ ተነግሯል ወይ?”

“ገና ነው” አልኩ።

አመሰገኑኝ። እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ፣ እትዬ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ ውሳኔው መጣ። በሰዎቹ ፋንታ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ይቀመጣሉ። አንዱ ይሸምናል፣ አንዷ ሕፃን ታጥባለች። የሒሳቡ ሰው በጣም ወደደው። አሻንጉሊት ምግብ አይበላም፣ አይታመምም፣ ቪዛ አይጠይቅም። ስፋቱ አልተቀነሰም። አርባውም ጎጆ እንዳለ ነው። የወጣው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰ። የወንድይፍራውን መስመር አንብቤ ካፖርቴን ሳልደርብ ሮጥኩ። ሲኞር ኮርቲ ሊወጣ ሲል በር ላይ አገኘሁት። “መስታወቱ ይግባ” አልኩት። “ቦዩም ይግባ። ጫማም አያድርጉ። ሰዎቹን ብቻ አምጧቸው።” ክንዱን ይዤው ነበር። እኔን እንደዚያ ሲያየኝ የፈራ መሰለኝ።

“አንቺ አይደለሽም እንዴ ነውር ነው ያልሽው?”

“እኔ ነኝ።”

“አልፏል። ተፈርሟል” ብሎ ክንዱን ቀስ አድርጎ ከእጄ አስለቀቀ።

ለወንድይፍራው ከመነኮሳት የሙያ ትምህርት ቤት የጥሪ ወረቀት እንዲጻፍለት እየለመንኩ ነው። እመምኔቷ እሺ ሊሉኝ ትንሽ ነው የቀራቸው። እባክዎን እስከዚያው ባለበት ይቆይልኝ። ከእንግዲህ ምንም ሳልጠይቅዎ አላደርግም።

ልጅዎ ፀዳለ


ኮልፌ፣ ጥር 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀዳለ፣

እንደምን ሰነበትሽ። እማማ ወለተጻድቅ ሰላም ብለውሻል። ይህንንም በፖስታ ነው የምልከው። በመንገድ የሚያነበው ካለ ያንብበው።

ወንድይፍራው በኅዳር ተወሰደ። ካለበት ሳይወጣ ወራት ከርሞ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ራሱ መጣ። ከአንቺ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው የመጣው። አልመጣም አልኩት። እውነትም አልመጣም ነበር። ምሳ ብላ ብለው “ሰው ሳያየኝ ልመለስ” ብሎ ወጣ። ማዞሪያው ጋ ያዙት። የነገረኝ ገረሱ ነው። ቆቡን አውልቆ ነገረኝ። እሱ አልነበረም የያዘው፣ እውነቱን ነው፤ የእሱም የወንድሙ ልጅ በዚያው መኪና ሄዷል።

ደብዳቤሽ በሚቀጥለው ሰኞ ደረሰ። የመነኮሳቱም ወረቀት በገና ሰሞን መጥቷል። ስሙ በደንብ ተጽፏል።

ልቆጣሽ ተቀምጬ ነበር። ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ። ባጫ መጥቶ “ፀዳለ እኮ ልክ ነበረች” አለኝ። ባጫ ወንድ ልጅ የለውም። እማማም ልክ ናት ይላሉ። ይሁን። እኔ ልክ ነሽ ብዬ አልጽፍልሽም፤ አጥፍተሻል ብዬም አልጽፍልሽም። እጄ ሁለቱንም እምቢ አለኝ። ልጄ መሆንሽን ግን አልተውኩም። ይህንን እንድታውቂው ነው የጻፍኩልሽ።

ወደ ሰሜን ሳይጭኗቸው እናቶች ሊያዩዋቸው ተፈቀደ የሚል ወሬ ሰምተን ባለፈው እሑድ ከብርቱካን ጋር ማሠልጠኛው ድረስ ሄድን። የተፈቀደ ነገር የለም። ከሽቦው ወዲህ ቁሙ አሉን። ስንቱ እናት ነው የቆመው! ሜዳው ላይ ደግሞ ዓይን የማይጨርሰው ወጣት። ሁሉም ተላጭቷል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሷል። እኔ ልጄን ከሩቅ በአረማመዱ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። እዚያ ሁሉም የሚራመደው አንድ ዓይነት ነው። ብርቱካን “የትኛው ነው? ያ ነው?” ትለኛለች። አይደለም እላለሁ። “ያስ?” አይደለም።

አንድ ረዘም ያለ አየሁ። ትከሻው የእሱ ነው። “ወንድዬ!” ብዬ በኃይሌ ጮህኩ። እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ። ልጁ ዞረ። ፀዱ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ፊቱ ላይ ገና ጢም የለም። እኔ ግን እጄን ማውረድ አቃተኝ፣ ማውለብለቤን ቀጠልኩ። ልጁ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፣ ማንም የለም። ከዚያ እጁን አነሳና እሱም አውለበለበልኝ።

እናትሽ ካሳነሽ